ሁለት ሣጥን ጥይት ይዘን ወደ ሰሜን ሚኒሶታ

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኩክ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ፣ ባዶ የወተት ዕቃዎችን ውሃ እየሞላሁ በረጅም ሳንቃ ላይ እደረድር ነበር። ጣቶቼ በብርዱ ደንዝዘዋል። ጋሼ መኪናቸውን ተደግፈው ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

«ሙላ፣ ሙላ! የጥይትን ነገር ከሣጥኑ ላይ ከምታነብ ከውሃው ብታየው ይሻልሃል» አሉኝ።

ጋሼ የባሌ ሰው ናቸው፤ ሴንት ፖል ሲኖሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በየዓመቱ ኅዳር ሲቃረብ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ጠመንጃቸውን ወልውለው አጋዘን ለማደን ወደ ሰሜን ይወጣሉ። እኔ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከሴንት ፖል በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ሽቅብ ነድተን ዱሉት ስንደርስ የሱፒሪየር ሐይቅ ከቁልቁለቱ ሥር እንደ ባሕር ተዘርግቶ ታየን። ከዚያ በ53 ቁጥር መንገድ፣ ብረት በሚቆፈርባት ቨርጂኒያ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ በኩል አለፍን። በየነዳጅ ማደያው ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ተኮልኩሏል። የአደኑ ወቅት ዋዜማ እዚህ አገር የገበያ ቀን ይመስላል።

መንገዱን ሙሉ ስንከራከር የመጣነው በጥይት ነው። እኛ ሁሉንም «ጥይት» ብለን እንጠራዋለን እንጂ ቀለህ፣ ባሩድና አረር የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ባሩዱ ይገፋል፣ ቀለሁ ይቀራል፣ የሚገድለው አረሩ ነው። የእኔ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1952 ገበያ ላይ የዋለውን፣ ሦስት መቶ ስምንት የሚባለውን የጥይት ዓይነት ይጎርሳል፤ የጋሼ ደግሞ አሜሪካኖች ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚሉትን ነው። ስድስቱ 1906ን ነው፤ የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በዚያ ዓመት ነውና። የአፈሙዛቸው ስፋት አንድ ነው፣ የአረራቸውም ክብደት አንድ፦ 150 ግሬን፣ ማለትም 9.7 ግራም ገደማ። ልዩነታችን የተሠሩበት ነገር ላይ ነው። የጋሼ አረር ልቡ እርሳስ፣ ልብሱ መዳብ፣ ጫፉ ግን የተራቆተ ነው። የእኔ እስከ ልቡ መዳብ ነው።

የአያቴ ውጅግራ ትዝ አለኝ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት፣ አድዋ ላይ የተተኮሰው ያ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ነበር የሚወረውረው። የዛሬው አረር ከዚያ ግማሽ አይሞላም፤ ነገር ግን በእጥፍ ግድም ፍጥነት ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የተራቆተ እርሳስ የአፈሙዙን ውስጥ ይለቀልቀዋል፤ የመዳብ ልብስ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ጫፉ ድረስ የለበሰ አረር ሥጋውን እንደ መርፌ በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ ቀስ ብሎ ይሞታል። ስለዚህ የሚኒሶታ ሕግ አጋዘን የሚታደነው ጫፉ ለስላሳ በሆነ ወይም ሲመታ እንደ አበባ በሚከፈት አረር ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1899 ሔግ ላይ ከተሰበሰቡት መንግሥታት አብዛኞቹ እንዲህ ያለውን አረር በጦርነት እንዳይጠቀሙበት ተስማምተው ነበር። ለሰው ጭካኔ የተባለው ለአውሬ ርኅራኄ ሆነ። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ወደ ጠጠሩ ጉድጓድ ልመለስ። ውሃ በሞላሁባቸው ዕቃዎች ላይ ተራ በተራ ተኮስን። የጋሼ አረር ሦስት ዕቃ በጥሶ አራተኛው ውስጥ ተገኘ፤ ጅብ ጥላ መስሎ፣ እንደ እንጉዳይ ተገልብጦ። የኩሽና ሚዛን ይዤ ነበርና ስመዝነው 6 ግራም ብቻ ቀርቶታል፤ የቀረው ውሃው ውስጥ ፍርፋሪ ሆኗል። የእኔ ስድስተኛው ዕቃ ውስጥ ተገኘ፤ አራት ቅጠል አውጥቶ እንደ አበባ ፈንድቷል፣ ክብደቱም አልተነካም ማለት ይቻላል። እንደ ልጅ ፈነደቅሁ። አረር እየተበታተነ ያስቸገረው ጋሼን ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን አረሩ ጭቃ በተለጠፈበት ትከሻ ላይ ተበትኖበት፣ ተናድዶ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። እስከ ልቡ መዳብ የሆነው ከዚያ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው።

ደስታዬ አልቆየም። ጋሼ በ90 ሜትር ርቀት ወረቀት ሰቅለው «እስቲ ተኩስ» አሉኝ። በጋውን ሙሉ የተለማመድሁት በርካሹ የእርሳስ ጥይት ነበር፤ መዳቡን የገዛሁት በመጨረሻው ሳምንት ነው፣ ያውም እጥፍ ሊጠጋ በሚችል ዋጋ። ሦስቱም ጥይቶቼ ካነጣጠርሁበት አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ዝቅ ብለው አረፉ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በአንድ ክብደት የመዳቡ አረር ይረዝማል፤ ያው ጠመንጃ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዓይነት ነገ እግሩን ሰብረህ ልትሰደው ነበር» አሉኝ። እስኪጨልም የጠመንጃዬን ማነጣጠሪያ መነጽር ሳስተካክል ዋልሁ።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ዛፍ ላይ በተሠራው ማማ ላይ ነበርሁ። መሬቱን ስስ በረዶ ሸፍኖታል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ከጋሼ በኩል አንድ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከጥዶቹ መሐል ባለ ነጭ ጅራቱ ወንድ አጋዘን ብቅ አለ፤ ሰማንያ ሜትር ቢሆን ነው። (አጋዘን እንላለን እንጂ የባሌው የድኩላ ዘመድ ነው፤ ቀንዱ አብሮት ይኖራል። የዚህኛው ቀንድ በየዓመቱ ወልቆ ይበቅላል።) ከፊት እግሩ ኋላ አነጣጥሬ ምላጩን ሳብሁ። ወደ ላይ ዘለለና ጠፋ።

ሳትሁት ብዬ ሞቼ ነበር። ጋሼ መጥተው በረዶው ላይ ያለውን ደም በጣታቸው ነኩት። ደማቅ ቀይ፣ አረፋ ያለው። «ሳንባ ነው። ቁጭ በል፤ ከተከተልኸው ይርቅብሃል» አሉና ግማሽ ሰዓት አስቀመጡኝ። ከዚያ ስንሄድ ስልሳ እርምጃ ርቆ ወድቋል። የጋሼው ግን ትከሻው ላይ ተመቶ የቆመበት ላይ ነው የተኛው።

ስንገፍፍ ልዩነቱ ታየ። የእኔው መግቢያና መውጫው ንጹሕ ነው። የጋሼው የፊት ታፋ ግን በደም ጠቁሮ ተበላሽቷል፤ ከፊሉን ለቁራ ጣልነው። «ቢሆንም አልሮጠብኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የመታነው ቦታም አንድ አይደለምና በሁለት አጋዘን ፍርድ አይሰጥም። ደግሞ መዳብ ፍጥነቱ ሲወርድ በደንብ አይከፈትም፤ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ቢሆን ኖሮ የእሳቸውን እመርጥ ነበር። እዚህ ጫካ ውስጥ ግን መቶ ሜትር የሚያሳይ ቦታ ማግኘትም ዕድል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ፍርፋሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰሜን ዳኮታና ሚኒሶታ ለድሆች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በኤክስሬይ ሲታይ የእርሳስ ብናኝ ተገኝቶበት ከየምግብ ማደያው ተነሥቷል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። ቤቴ ሁለት ሕፃናት አሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እኔ ሰባ ዓመቴ፣ ምን እንዳልሆን ነው?» ብለው ሳቁ፤ ግን የልጅ ልጆቻቸውን ድርሻ ከእኔው አጋዘን እንድቆርጥላቸው ጠየቁኝ።

እሑድ ማታ ቤት ስገባ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጣችው እናቴ ሥጋውን አየችው። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ከሚበሉት ጋር እንደተቆጠሩ አስረዳኋት። ስለ አረሩም፣ ስለ መዳቡም፣ ሳንባውን በስቶ ስለ ማለፉም ነገርኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ነፍሱ ሳትወጣ ደርሳችሁ ባረካችሁት?»

«ግማሽ ሰዓት ጠበቅን እንጂ እማዬ። እንዲያ ነው የሚደረገው።»

«እንግዲያው ጥይትህ ምኑን ጥሩ ሆነ፣ ልጄ?» አለችና ተነሥታ ሽሮዋን ጣደች።