ዘይቱን መልሶ የለቀቀው ጄል

የተሰጠን ሥራ በብስኩት ክሬም ውስጥ የሚገባውን ጠጣር ቅባት፣ ኦሊዮጄል በሚባለው የረጋ የሱፍ ዘይት መተካት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ዘይት በፋብሪካ ሲጠጥር የሚፈጠረውና ልብን የሚጎዳው ትራንስ ፋት እስከ 2023 ከምግብ እንዲወገድ ጥሪ ካቀረበ ወዲህ፣ ለጠጣር ቅባት ምትክ መፈለግ የብዙ አምራቾች ሥራ ሆኗል። እኛ የመረጥነው ማርጊያ የሱፍ ሰም ነው፤ የሚገርመው ግን ይህ ሰም የዘይት ማጣሪያዎች ዘይቱን ያደፈርሳል ብለው አቀዝቅዘው የሚያስወጡት ነገር መሆኑ ነው።

በቤተ ሙከራ 3 በመቶ ሰም በጋለ ዘይት ውስጥ አሟሙተን በብርጭቆ ስናቀዘቅዘው፣ ብርጭቆው ቢገለበጥ እንኳ የማይፈስ ጥሩ ጄል ሆነ። ያው ቀመር ወደ ማምረቻው ጋን ሲገባ ግን የወጣው ልል ነገር ነበር፤ በማንኪያ ጀርባ ጫን ሲሉት ዘይቱ በዳር በዳሩ ይወጣል፣ ካደረ ደግሞ ከላይ ይንሳፈፋል።

የምርት ኃላፊው ሰሙ እንዲጨመር ጠየቁ። እኔ አልተስማማሁም፤ ንጹሑ ሰም የሚቀልጠው በ75 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ አፍ ውስጥ አይሟሟም፣ ሲበዛም ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ኤቲልሴሉሎስ የሚባለውን ሌላ ማርጊያ እንሞክር ያለም ነበር፤ ነገር ግን እሱን ለማሟሟት ዘይቱን እስከ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ማጋል ስለሚያስፈልግ፣ ዘይቱ ቶሎ ኦክሳይድ እንዲሆን፣ ማለትም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እንዲበላሽ፣ በር ይከፍታል።

ነገሩን የፈቱት ጋኑን የሚከታተሉት አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው። «ሚክሰሩ እኮ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልቆመም፤ ወረቀቱ አቁሙት አይልም» አሉን። እውነትም የሥራ መመሪያው ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ሚክሰሩ መቆም አንድም መስመር አልነበረውም። ከዚያው ጋን ገና ትኩስ እያለ ቀድተን ሳንነካው ያቀዘቀዝነው ናሙና ጥብቅ ብሎ ረጋ። በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ስናየው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ሳይነካ በረጋው ውስጥ የሰሙ ክሪስታሎች እንደ ጭራሮ እርስ በርስ ተደጋግፈው ዘይቱን በመካከላቸው ይዘዋል፣ ሲማሰል በቆየው ውስጥ ግን ተሰባብረው እዚህም እዚያም ተከማችተዋል። ዘይቱን የሚይዘው ያ መደጋገፍ ስለሆነ፣ አንዴ ከፈረሰ የሰሙ መጠን ብቻውን ብዙም አያድነውም።

ደግነቱ የሰም ጄል ሲሞቅ ቀልጦ እንደገና መርጋት ይችላል። የተበላሸውን ምርት እንደገና አቅልጠን፣ ሁለት ጊዜ በመጋሉ ኦክሳይድ ሆኖ እንዳልተበላሸ የዚህ መለኪያ በሆነው በፔሮክሳይድ መጠኑ ካረጋገጥን በኋላ፣ ክሪስታል መሥራት ሳይጀምር ሚክሰሩን አቁመን በትኩሱ ወደ ዝርግ ዕቃዎች ገለበጥነው። ዝርግ የመረጥነው በጥልቅ ዕቃ መሃሉ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝና ክሪስታሎቹ ትልልቅ ሆነው ጄሉን ስለሚያላሉት ነው። መመሪያውም ሚክሰሩ በ70 ዲግሪ ይቁም የሚል መስመር ተጨመረበት።

የክሬሙ ነገር ግን ገና አልተቋጨም፤ የረጋውን ጄል ከስኳር ጋር ስንመታው ያ መረብ እንደገና ይሰበራል፣ ስኳሩን በትኩሱ ዘይት ላይ ብንጨምረው ደግሞ ጄሉ ሳይረጋ ስኳሩ ይዘቅጣል። አሁን የምንሞክረው የመምቻውን ፍጥነት ዝቅ አድርገን ጊዜውን ማሳጠር ነው።