በጠመኔ የተጻፈው ሒሳብ

ባለፈው ጥቅምት፣ ደብረ ብርሃን በውርጭ መመታት በጀመረችበት ሰሞን፣ እኔና ባለቤቴ 12ኛ የጋብቻ ዓመታችንን ምክንያት አድርገን ወደ ደቡብ ስፔን፣ ሴቪያ ወደምትባለው ከተማ ተጉዘን ነበር። ከተጓዝንባቸው ቀናት ሁሉ በልቤ የቀረው የአንድ ረቡዕ ምሽት እራት ስለሆነ የምጽፈው ስለ እሱ ብቻ ነው።

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች፣ በጓዳልኪቪር ወንዝ ዳር በዝቅተኛ ሜዳ ላይ የተዘረጋችው ሴቪያ ሌላ ዓለም ናት። በጥቅምት ምሽት ሰው በሸሚዝ ብቻ ደጅ ተቀምጦ ይጫወታል፤ በየመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከለው መራራ ብርቱካን ፍሬውን እንደያዘ ቆሟል። እኛ በለመድነው ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ራበን፤ የአገሩ ሰው ግን እራት የሚያስበው ከ3 ሰዓት በኋላ ነበርና እስከዚያው ከተማዋን ስንዞር ቆየን።

የሄድንበት ቤት ኤል ሪንኮንሲዮ ይባላል። የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1670 ሲሆን፣ ይህም በእኛ አገር ቀዳማዊ ዮሐንስ በጎንደር የነገሡበት ዘመን ነው። ከጣሪያው ላይ በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን ተደርድሮ ተንጠልጥሏል፤ ከባንኮኒው ኋላ ያሉት የእንጨት መደርደሪያዎች በጠርሙስ ተሞልተዋል። ሰዉ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሞ ይበላል። ይህ ለባለቤቴ ከበደው፤ በእኛ ዘንድ ቆሞ መብላት ለማዕዱ ክብር መንፈግ ነው፣ ሕፃን እንኳ ቁራሽ ይዞ ሲሮጥ «ቁጭ ብለህ ብላ» ይባላል። ሆኖም ከጎናችን የቆሙት ሽማግሌና ባለቤታቸው አንዲት ትንሽ ሳህን መሐላቸው አድርገው፣ ሳይቻኮሉ፣ እየተጨዋወቱ ሲበሉ ስናይ፣ ቆመውም ቢሆን ማዕዳቸውን አክብረው እንደሚበሉ ተረዳን።

ታፓስ የሚባለው ምግብ እንዲህ ነው፤ በትንንሽ ሳህን፣ ከመጠጥ ጋር፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየታዘዘ የሚበላ። «ታፓ» ማለት ክዳን ነው። ስያሜው ከየት እንደመጣ ብዙ ወሬ አለ፤ አንዱ ወሬ ዝንብ እንዳይገባበት በብርጭቆ አፍ ላይ ቁራሽ ዳቦ ይከደን ነበር ይላል።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር እንዳንሳሳት ፈርቼ፣ አንድ ወረቀት ላይ በእኛው ፊደል «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ኡዌቮ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ቃል በቃል ሳነብለት አስተናጋጁ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በጣቶቹ እየቆጠረ አዳመጠኝ፤ ሲጨርስም ወደተንጠለጠለው የአሳማ ጭን እያመለከተ ጣቱን በእምቢታ ወዘወዘ። እንደ ገባው ያወቅነው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የወይራ ፍሬ ነበር። ስፔን ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ የወይራ ዘይት የምታመርት አገር መሆኗን አውቃለሁ፤ ወይራን በአፌ ስቀምሰው ግን የመጀመሪያዬ ነው። እኛ ዛፉን የምናውቀው በጢሱ ነው፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠንበታል እንጂ ከዱሩ ወይራችን ፍሬ ለቅሞ የሚበላ ሰው አላየሁም። ጨው የጠጣው ፍሬ መጀመሪያ መረር ብሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ግን እጄን ከሳህኑ ማንሣት አቃተኝ።

ቀጥሎ የመጣው ስፒናች በሽምብራ ነው። እኔ የተወለድኩት በምንጃር፣ አረርቲ ነውና ሽምብራን በሚመለከት አፌን በቀላሉ የሚያታልለው የለም፤ ከአገራችን የተሻሻሉ ነጭ የሽምብራ ዝርያዎች አንዱ በከተማችን ስም «አረርቲ» ተብሎ ይጠራል። የሴቪያው ሽምብራ ትልልቅ፣ ነጭ፣ ሳይፈርስ ልስልስ ብሎ የበሰለ ነበር። አሠራሩን ቆይቼ አጥንቻለሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዳቦ በወይራ ዘይት ይጠበሳል፣ ከከሙንና ከኮምጣጤ ጋር በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከዚያም ከቅጠሉና ከሽምብራው ጋር በቀይ የበርበሬ ዱቄት ይቁላላል። ገና ሳህኑ ሲቀርብ የከሙኑ ሽታ እናቴ ጓዳ አደረሰኝ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ በዳቦ ጠቅሶ ቀመሰና «ይህ እኮ የእናንተ አገር ወጥ ነው» አለኝ።

አስተናጋጁ አንድ ነገር ባቀረበ ቁጥር ከጆሮው ላይ ጠመኔ እያነሣ ዋጋውን ከፊታችን፣ በባንኮኒው እንጨት ላይ ይጽፋል። ወረቀት የለም፣ ደረሰኝ የለም፤ የእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ ከክርኑ አጠገብ ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ሲጽፍ ባለቤቴ መብላቱን አቁሞ ቁጥሩን ያይ ጀመር።

እናቱ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠላ ጠምቀው በመሸጥ መሆኑን ገና ስንተጫጭ ጀምሮ አውቃለሁ። የነገረኝ ግን ይህን ብቻ ነበር። እናቱ መጻፍ ስለማይችሉ የዱቤውን ሒሳብ በግድግዳው ላይ በከሰል እያሰመሩ እንደሚይዙ፣ ለአንድ ጣሳ አንድ መስመር እንደነበረ፣ እሱ አንደኛ ክፍል ገብቶ ቁጥር ሲማር የክፍሉን ወለል እየዳበሰ የለቀመውን ስብርባሪ ጠመኔ በኪሱ ይዞ መጥቶ ጸሐፊያቸው እንደሆነ የሰማሁት በዚያ ምሽት ነው። በገበያ ቀን በግ ሸጠው የሚመለሱ ሰዎች ዕዳቸውን ሲከፍሉ፣ ጽሑፉን በእርጥብ ጨርቅ የመሰረዝ ማዕረግ የእሱ ነበር። አንድ ጊዜ ከደንበኞቹ አንዱ ሳይከፍል ሞተ። እናቱ ከቀብር ተመልሰው ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ የሰውየውን ሒሳብ በራሳቸው እጅ ሰረዙት፤ ለሟቹ ቤተሰብም ስለ ዕዳው ትንፍሽ አላሉም። ይህን ሲነግረኝ ባለቤቴ ዓይኑን ከጠመኔው አልነቀለም። 12 ዓመት አብረን በልተናል፤ ቤታችን ግን ወጥ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይነሣል። እዚህ በአንዱ ሳህንና በሚቀጥለው መካከል ባለው ጊዜ አንድ ታሪክ ተጀምሮ ያልቃል፤ ደጋግመን ያዘዝነውም ስለራበን አልነበረም።

በመጨረሻ አስተናጋጁ ቁጥሮቹን በቃሉ ደመረ፣ ከሥራቸው አሰመረ፣ ድምሩን ጻፈ። ከፈልን። ጨርቁን አንሥቶ ሊሰርዝ ሲል ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ለመነው። ሰውየው ግራ ቢገባውም ሰጠው፤ ባለቤቴም ሒሳባችንን ጥግ እስከ ጥግ በጥንቃቄ ጠረገው።

አገር ቤት ከገባን በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ ቆስጣና ሽምብራ በከሙን ሠርቼ ለእናቱ ወሰድንላቸው። በእንጀራ ጠቅልለው እየበሉ ስለ ጠመኔው ሰሙ፤ ዝም ብለው ቆዩና ባለቤቴን «ታስታውሳለህ?» ብቻ አሉት። ሌላስ ምን በላችሁ ሲሉኝ «ወይራ» አልኳቸው። ጉርሻቸውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ እጃቸውን አቆሙ።

«አዬ ልጄ፣ ወይራማ የጋን ማጠኛ ነው፤ ይበላል እንዴ?»