ጭራቁ መቼ ይታይ? «የዲሜተር የመጨረሻ ጉዞ»ን ለስክሪፕት ልምምድ ማየት

የአስፈሪ ፊልም አጻጻፍ ልምምዴ በአሁኑ ወቅት የደረሰው ፍጡሩን መቼና ምን ያህል ማሳየት ይገባል ከሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የምጽፈው አጭር ፊልም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ፣ ሌሊት መረብ ሊጥሉ በወጡ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ውስጥ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ማምለጫ የሌላቸውን ሰዎች ታሪክ ሌሎች እንዴት እንደያዙት ለማየት ስል፣ ኖርዌያዊው አንድሬ ኡቭሬዳል ያዘጋጀውንና እ.ኤ.አ. በ2023 ለእይታ የበቃውን «የዲሜተር የመጨረሻ ጉዞ» ማስታወሻ እየያዝሁ ተመለከትሁት። በቡድናችን ውስጥ ፊልሙን ያደነቃችሁትም ያጣጣላችሁትም አላችሁ፤ እኔ የመጀመሪያውን አጋማሽ ወድጄ በሁለተኛው ተሰላችቻለሁ።

ታሪኩ የተወሰደው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ካሳተመው «ድራኩላ» ከተሰኘው ልቦለድ 7ኛ ምዕራፍ ነው። እዚያ ያለው የአንድ ካፒቴን የጉዞ መዝገብ ሲሆን፣ ከቡልጋሪያ ቫርና ወደብ የተነሣችው ዲሜተር የተባለች መርከብ መርከበኞቿን አንድ በአንድ እያጣች እንግሊዝ አገር ዊትቢ ስትደርስ፣ ካፒቴኑ ከመርከቧ መሪ መዘውር ጋር እንደታሰረ ሞቶ ይገኛል። ፍጡሩ፣ ማለትም ደም መጣጩ ድራኩላ፣ በመዝገቡ ውስጥ ብዙም አይታይም፤ ረጅም ቀጭን ሰው መርከቡ ላይ አየሁ የሚል የአንድ መርከበኛ ቃል ብቻውን ብዙ ይሠራል። ፊልሙ እነዚህን ጥቂት ገጾች ወደ 2 ሰዓት ገደማ ለጥጧቸዋል፤ ችግሩም ጥንካሬውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የመርከቧን ስብርባሪ ገና ከመነሻው ማሳየቱን አንዳንዶቻችሁ ነቅፋችኋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ መጨረሻውን አስቀድመን በማወቃችን ማን ይተርፋል ከማለት ይልቅ እንዴት እዚህ ደረሱ ወደሚለው ጥያቄ እንዞራለን፣ ይህም ለጸሐፊው የተሻለ መነሻ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ የአይጦቹ ጉዳይ ነው። እንስሳቱ በአንድ ሌሊት ታርደው ከተገኙ በኋላ፣ በመርከቡ ላይ አንዲት አይጥ እንኳ እንደሌለች መርከበኞቹ ያስተውላሉ። ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ መኖር የነበረበት ነገር ብቻ ጠፍቷል። በጣውላው ላይ የሚሰማውም ኳኳታ እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የመርከበኞቹ መጠራሪያ የነበረው ድምፅ ኋላ የማን እንደሆነ በማይታወቅ እጅ ሲመለስ፣ ያለ አንዳች ውድ ቴክኒክ ጀርባን ያቀዘቅዛል።

በድራኩላ የተነከሰውን የሕፃኑን የቶቢን የቀብር ትዕይንት ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አስከሬኑ ወደ ባሕር ሊወርድ ሲል በከፈኑ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ካፒቴን አያቱም የልጅ ልጄ ሕያው ነው ብሎ ጨርቁን ሲገልጠው፣ የፀሐይ ብርሃን ያገኘው ገላ በእሳት ይያያዛል። ሽብሩ ሁሉ በቀን ብርሃን መፈጸሙ፣ ከዚያም በላይ እሳቱን የለኮሰው የአያት ፍቅር መሆኑ፣ ከጨለማው ትዕይንቶች ሁሉ በልጦ አብሮኝ ቆይቷል። ካፒቴኑን የሚጫወተው ሊያም ከኒንግሃም በዚህ ስፍራ ያሳየው ትወናም የሚመሰገን ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ ትዕግሥቱን ያጣል። ስፔናዊው ተዋናይ ኻቪየር ቦቴት በረጅምና ቀጭን አካሉ የሚጫወተው ድራኩላ፣ ሲጀምር የከሳና የደከመ ሆኖ ደም በጠጣ ቁጥር እየበረታ መሄዱ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሆኖም ክንፍ አውጥቶ በመርከቡ ላይ እየበረረ ደጋግሞ ሲታይ፣ ዓይናችን ይለምደውና ከአውሬነት ያለፈ ነገር አይሆንም። ቀን ቀን ከጭነቱ መካከል አፈር በተሞሉ ሳጥኖች ውስጥ እንደሚተኛ ከታወቀ በኋላም ሳጥኖቹ ለምን አንድ ሳይቀር ወደ ባሕር እንደማይወረወሩ አጥጋቢ ምላሽ አይሰጥም። በኮሪ ሃውኪንስ የተተወነው ጥቁር ሐኪም ክሌመንስ የሚታመን ሰው ነው፤ ያሳለፈው መገለል ግን በድርጊት ከመታየት ይልቅ በንግግር ብቻ መተረኩ አቅሙን ቀንሶታል። ለንደን ላይ የሚያልቀው መዝጊያ ደግሞ ተከታይ ክፍል ለመሸጥ የገባ ይመስላል፤ ካፒቴኑ በመሪው ላይ የከፈለውን ዋጋም ያረክሳል።

በዚህ ምክንያት የራሴን ረቂቅ ሁለተኛ ትዕይንት ለውጬዋለሁ። ቀድሞ ከውኃው ውስጥ የሚወጣ እጅ ነበረበት፤ አሁን ግን ንጋት ላይ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እንደተለመደው ቆሮሶና አምባዛ ይዘረገፋል፣ አስጋሪዎቹም የዓሣውን ሆድ ዕቃ ወደ ዳር ይወረውራሉ፤ ነገር ግን ከሰው እግር ሥር የማይጠፉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንድም አልመጡም። ማንም ስለዚህ አይናገርም፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ዛፎቹን ቀና ብለው ያያሉ። ፍጡሩ በጠቅላላው ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጀልባው ፋኖስ ብርሃን እንዲታይ ወስኛለሁ። የተሻሻለውን ረቂቅ ስልክላችሁ፣ የሽማግሌውን ቀና ማለት ካሜራው ከቅርብ ይያዘው ወይስ ከገበያው ግርግር ጋር ከሩቅ ይታይ በሚለው ላይ አስተያየታችሁን እንድትጽፉልኝ እጠይቃለሁ።