ከአዲሱ የጌም ላፕቶፕ ላይ የጠፉትን ስቆጥር፦ የስምንት ወራት ማስታወሻ

የዛሬ ስምንት ወር አዲሱን የጌም ላፕቶፔን ከካርቶኑ አውጥቼ ከአሮጌው ጎን ሳስቀምጠው በደብተሬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት የአቤቱታ ዝርዝር ነበር። አሮጌው እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ግን ከሥሩ ጥቂት ብሎኖች ሲፈቱለት ሆድ ዕቃውን ሁሉ የሚያሳይ ማሽን ነው። አዲሱ ደግሞ በፍጥነት አሥር እጅ የሚበልጠው ቢመስልም፣ አሮጌው የነበሩትን አሥራ አንድ ነገሮች አጥቷል፦ የፕሮሰሰር ሶኬት (ዋናውን ቺፕ ነቅሎ ለመቀየር የሚያስችል መሰኪያ)፣ የሚነቀል ግራፊክስ ካርድ፣ የሚቀየር ራም (የሥራ ሜሞሪ)፣ የ2.5 ኢንች ዲስክ ማስቀመጫ፣ የዲቪዲ ማጫወቻ፣ የኤተርኔት ገመድ መሰኪያ፣ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ፣ ከውጭ የሚወጣ ባትሪ፣ ቮልቴጅ የመቀነስ ነጻነት፣ እውነተኛው የእንቅልፍ ሁኔታ፣ እንዲሁም ለብቻው የሚፈታ ኪቦርድ።

ዝርዝሩን የጻፍኩት በንዴት ስለነበር ትንሽ ቆይቼ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተነሳ አጥንቼ፣ የሚቻለውንም በእጄ ሞክሬ፣ ምክንያቱ ከተፈጥሮ ሕግ ወይም ከአጠቃቀም ለውጥ የመጣ ሆኖ ካገኘሁት መሥመሩን እሰርዛለሁ፤ ለአምራቹ ምቾት ብቻ የተነሳ ከሆነ ግን ይቆያል። ይህ ማስታወሻ እስካሁን የደረስኩበትን የሚያሳይ ሲሆን፣ የእኔን መንገድ ለምትጀምሩ ሰዎች ጊዜ ይቆጥብላችኋል ብዬ አስባለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አራት መሥመር ሰረዝኩ። የዲቪዲ ማጫወቻውን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትኩት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አልቻልኩም። የ2.5 ኢንቹ ዲስክ ማስቀመጫ በሁለት የኤምነጥብ2 ማስገቢያዎች (ቀጭን የዲስክ ሰሌዳ በቀጥታ የሚገባባቸው) ተተክቷል፤ ሳታ በተባለው የቀድሞ የዲስክ ማገናኛ የሚሠራ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ሲቆም፣ በአዲሱ ማስገቢያ የሚገባው ግን ብዙ ሺህ ሜጋባይት ስለሚያነብ በዚህ ላይ ማልቀስ ከንቱ ነው። የኤተርኔት መሰኪያውን ለመሰረዝ ትንሽ አመነታሁ፤ ይሁን እንጂ በዩኤስቢ የሚሰካ መለወጫ ገዝቼ የመልስ ጊዜውን ለሦስት ምሽት ስለካ ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር ሊታይ የሚችል ልዩነት አላገኘሁም። የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያውም በተመሳሳይ መንገድ አለፈ።

ባትሪውን በግማሽ ነው የሰረዝኩት። አሮጌው ባትሪ ሁለት መቆለፊያ ተገፍቶ በአምስት ሰከንድ ይወጣ ነበር። አዲሱ ከውስጥ ቢሆንም በሙጫ ያልተጣበቀ፣ በብሎን ብቻ የተያዘና በአንድ ማገናኛ የሚነቀል በመሆኑ፣ ካቻቢቴ ለያዘ ሰው የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ ብዙ ትልልቅ የጌም ላፕቶፖች ባትሪ ከ99 ዋት ሰዓት በላይ የማይሄደው በአጋጣሚ አይደለም፤ ያለ አየር መንገድ ልዩ ፈቃድ ወደ አውሮፕላን ሊገባ የሚችለው ባትሪ ጣሪያው 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ ነው።

የፕሮሰሰር ሶኬቱ በሐሳብ ያቆየኝ ጉዳይ ነበር። ኢንቴል ለላፕቶፕ ብሎ የሠራቸው በሶኬት የሚገቡ ፕሮሰሰሮች ያበቁት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣውና ሃስዌል በተባለው አራተኛው ትውልድ ነው። በዚያ ትውልድ ስማቸው በ«ኤምኪው» የሚያልቁት በሶኬት ሲገቡ፣ በ«ኤችኪው» የሚያልቁት በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ የተበየደውን ብቻ ይዞ ቀጠለ። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የተሸከሙ ወፋፍራም ላፕቶፖች ከዚያም በኋላ አልጠፉም፤ ነገር ግን የጥቂቶች ምርጫ ሆነው ቀሩ። እኔ በአሮጌው ላይ 4700 ኤምኪውን አውጥቼ 4810 ኤምኪውን አስገብቼ ነበር፤ ከፍተኛው ፍጥነት ከ3.4 ወደ 3.8 ጊጋኸርትዝ ከፍ አለ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት እስካሁን አልረሳውም፤ ውጤቱን በሐቅ ስመዝነው ግን በምጫወታቸው ጌሞች ላይ ለውጡ በጭንቅ የሚታይ ነበር። ቀጣዩን ትውልድ ለማስገባት ብሞክርም ሶኬቱ ስለማይቀበል፣ ዕድሉ የአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በመሆኑም እያዘንኩ ሰረዝኩት።

ግራፊክስ ካርዱ ግን አልተሰረዘም፤ ለምን እንዳልተሰረዘ በቅንነት ለማስረዳት ያህል መጀመሪያ የድሮውን ድክመት ልናገር። ኤምኤክስኤም የተባለው የሚነቀል የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ደረጃ በወረቀት ላይ ሁሉንም ከሁሉም ጋር የሚያስማማ ይመስል ነበር። እኔ 770 ኤም የተባለውን ካርድ በ970 ኤም ስተካ ግን አዲሱ ካርድ ማስገቢያው ውስጥ ሰተት ብሎ ከገባ በኋላ፣ የሙቀት መሳቢያው መዳብ ከሜሞሪ ቺፖቹ ጋር በትክክል ስላልገጠመ የሙቀት ፓድ ውፍረት ለመቀያየር ሁለት ቀን ፈጀሁ። ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ካርዱን አላውቀውም ብሎኝ የመጫኛውን ፋይል በእጄ ማስተካከል ነበረብኝ። ስለዚህ «ድሮ ሁሉ ነገር ቀላል ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ሥራውን በእጁ እንዳልሞከረው እጠረጥራለሁ።

ያም ሆኖ መሥመሩን ያልሰረዝኩት የሚሰጠው ምክንያት ስላላረካኝ ነው። ዘወትር የሚነገረው ምክንያት ውፍረት ነው፤ ካርዱ በራሱ ሰሌዳ ላይ ሲቀመጥ ከፍታ ይጨምራል፣ የኃይል አቅርቦቱና የሙቀት ቱቦዎቹ በአንድ ላይ ታቅደው ሲሠሩ ደግሞ ቦታ ይቆጠባል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የተዋወቀው ፍሬምወርክ ላፕቶፕ 16 ግራፊክሱን ከኋላ በኩል በሚወጣ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ በ2025 ደግሞ ለዚያው ማሽን አርቲኤክስ 5070 የተባለውን የኤንቪዲያ ግራፊክስ የያዘ አዲስ ክፍል ቀረበለት። አንድ ትንሽ ኩባንያ ሊያደርገው የቻለውን ትልልቆቹ የማይችሉበት የፊዚክስ ምክንያት ሊታየኝ አልቻለም።

ከግራፊክስ ሳልወጣ በሁለተኛው ወር አሥራ ሁለተኛ መሥመር ለመጨመር ተገድጃለሁ፤ ይህ የጠፋ ዕቃ ሳይሆን የጠፋ መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኃይሉ ተቀንሶ ለቀጫጭን ላፕቶፖች የተዘጋጀ ካርድ በስሙ መጨረሻ ላይ «ማክስ ኪው» የሚል ምልክት ስለነበረው ገዢው ምን እየገዛ እንደሆነ ያውቅ ነበር። በ2021 አርቲኤክስ 30 ለላፕቶፕ ሲመጣ ያ ልዩነት ከስሙ ላይ ተነሳ። አርቲኤክስ 3080 የሚል ስም ያለው ላፕቶፕ እንደ አሠራሩ ከ80 እስከ 150 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ታናሽ ካርድ በዝቅተኛ ዋት የታሰረውን ታላቁን ሲቀድም ይታያል። ላፕቶፕ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ከካርዱ ስም በፊት የዋቱን መጠን ጠይቁ፤ ካልተገለጸም ምርቱን ፈትተው የለኩ ሰዎችን ውጤት ፈልጉ።

ስለ ራም የነበረኝ አቋም ከሁሉም በላይ ተቀይሯል። በመጀመሪያው ምሽት በቀይ ቀለም ያሰመርኩበት እሱ ነበር፤ ምክንያቱም አዲሱ ላፕቶፕ 16 ጊጋባይት ራም በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የመጣ ስለሆነ በቀሪ ዕድሜው ሁሉ 16 ጊጋባይት ሆኖ ይኖራል። በአሮጌው ላይ 8 የነበረውን 16 ለማድረግ የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነበር። ሳጠና ግን ነገሩ ከአምራች ስስት ብቻ የመጣ አለመሆኑን ተረዳሁ። የሚነቀለው ራም፣ ማለትም ሶዲም፣ ከፕሮሰሰሩ እስከ ቺፑ ድረስ ረጅም መሥመርና ተጨማሪ ማገናኛ ስላለው ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሲግናሉን ንጹሕ አድርጎ ማድረስ እየከበደ ይሄዳል። ኃይል ቆጣቢ የሆነው ኤልፒዲዲአር5ኤክስ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ በሶዲም መልክ አይመጣም። ያለማጋነን ለመናገር፣ ባትሪ ላይ ስሠራ አዲሱ ላፕቶፕ የሚቆይበትን ሰዓት ሳይ ይህን ምርጫ ለምን እንዳደረጉ ይገባኛል።

ታዲያ ለምን በግማሽ ብቻ ሰረዝኩት? ምክንያቱም መፍትሔው ስለተገኘ ነው። የሜሞሪ ደረጃዎችን የሚያወጣው ጄዴክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ካም2 የተባለውን ደረጃ አጽድቋል። ይህ ጠፍጣፋ ሰሌዳ በጎን ተሰክቶ የሚገባ ሳይሆን ከላይ ተጭኖ በብሎን የሚታሰር በመሆኑ መሥመሩን ያሳጥራል፤ ኤልፒዲዲአር5ኤክስንም የሚሸከም ዓይነት አለው። እስካሁን በጌም ላፕቶፕ ላይ እንደልብ የሚገኝ አይደለም። በሚቀጥለው ግዢዬ ይህ ካልተገኘ ሶዲም ያለውን ወፈር ያለ ማሽን እመርጣለሁ፤ የተበየደ ራም ያለው ለመግዛት የሚገደድ ሰው ግን ዛሬ የሚበቃውን ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያስፈልገውን መጠን ይዞ እንዲገዛ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ቮልቴጁ ልምጣ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ሲወጣ ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይመደብለታል፤ ከቺፖች መካከል ደካማው እንኳ ሳይሳሳት እንዲሠራ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ትንሽ ቅነሳ ትልቅ ዋጋ አለው፦ 1.10 ቮልት የነበረው 1.03 ሲሆን፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ላይ ለሥራው የሚውለው ኃይል በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በአሮጌው ላይ ይህንኑ በአንድ ፕሮግራም ሳደርግ ሙቀቱ በስምንት ዲግሪ ወርዶ፣ ማራገቢያው ጎረቤት የሚያነቃ ጩኸቱን ትቶ ነበር። በአዲሱ ላይ ያንኑ ፕሮግራም ስከፍት የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ተቆልፎ አገኘሁት።

ታሪኩን ስከታተል ወደ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ወሰደኝ። በዚያን ጊዜ ከበርሚንግሃም፣ ከግራትስና ከሉቨን ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት የተባለ ጥቃት ይፋ አደረጉ። ጥቃቱ ቮልቴጁን በሶፍትዌር ዝቅ በማድረግ ኤስጂኤክስ በሚባለው የኢንቴል የተከለለ ክፍል ውስጥ የስሌት ስሕተት እንዲፈጠር በማድረግ ምስጢር የሚያወጣ ነው። ኢንቴል መልስ ሲሰጥ አምራቾች በባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ማሻሻያ መቆጣጠሪያውን እንዲቆልፉ መንገድ ከፈተ፤ ብዙዎችም ቆለፉት። ያኔ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኤስጂኤክስ ራሱ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ከተራ ተጠቃሚ ፕሮሰሰሮች ላይ ተነስቷል። ቤቱ ፈርሶ ሳለ ቁልፉ በሩ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በአንዳንድ ከባድ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ መቆለፊያውን የሚያነሳ ምርጫ መኖሩ ደግሞ፣ በእኔ ማሽን ላይ የጠፋው ስለማይቻል አለመሆኑን ያሳየኛል።

በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ዙሪያ ጥምጥም መንገዶችን ተማርኩ። አንደኛው የፕሮሰሰሩን የዋት ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ጌም ስጫወት ሥራው በአብዛኛው ግራፊክሱ ላይ ስለሆነ ፕሮሰሰሩን በ45 ዋት ማሰር የፍሬም ቁጥሩን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) ብዙም አልነካውም፤ ሙቀቱን ግን ከ96 ወደ 84 ዲግሪ አወረደው። ሁለተኛው የግራፊክስ ካርዱን የቮልቴጅና የፍጥነት መሥመር ማስተካከል ነው፤ ይህ በእኔ ማሽን ላይ አልተቆለፈም። በአንድ ጊዜ ብዙ በመቀነስ ጀምሬ ጌሙ አሥር ጊዜ ስለተዘጋብኝ፣ ለጀማሪ የምለው በትንሽ በትንሹ ወርዶ በየደረጃው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መፈተን እንደሚሻል ነው።

የእንቅልፉ ጉዳይ አጭር ነው፤ ነገር ግን ቦርሳዬን ሊያቃጥል የደረሰ ነው። በድሮው ኤስ3 በተባለው እንቅልፍ ውስጥ ከራሙ በቀር ሁሉም ነገር ኃይል ያጣል። አዲሱ ማሽን ያለው እንደ ስልክ ከጀርባ እየሠራ የሚተኛው ዘመናዊ የሚባለው ዓይነት ብቻ ነው። አንድ ቀን ክዳኑን ዘግቼ በቦርሳ ይዤው ስሄድ ከውስጥ ነቅቶ ማራገቢያው ሲጮህ ሰማሁ፤ ሳወጣው ለመያዝ እስኪያስቸግር ግሎ፣ ባትሪውም ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። በባዮሱ ውስጥ ኤስ3ን የሚመልስ ምርጫ ፈልጌ አጣሁ። መፍትሔዬ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ፣ ማለትም ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ፣ ማዘዝ ነው፤ ለመንቃት ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል እንጂ በቦርሳ ውስጥ አይግልም።

የቀረው ኪቦርዱ ነው። በአሮጌው ላይ ሦስት ብሎን ተፈትቶ ከላይ ብድግ ይል ነበር። በአዲሱ ላይ ወደ ኪቦርዱ ለመድረስ ባትሪውን፣ ማራገቢያዎቹንና ማዘርቦርዱን ማውጣት የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር በሙቀት በቀለጡ ትንንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች ተጣብቆ ይገኛል። በይፋ የሚሸጠውም ሽፋኑና ኪቦርዱ አብረው ነው። ወደ ፊት የምራመድበት የደብሊዩ ቁልፍ ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ አንዳንዴ አልታዘዝም ይላል። ከአንድ የተበላሸ ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ሽፋን አግኝቼ የችንካሮቹን ራስ በምላጭ መላጥና በመበየጃ ብረት መልሶ ማቅለጥ እየተለማመድኩ ነው፤ እስካሁን ከሃያዎቹ አራቱን ሰብሬያለሁ። እጄ ሲረጋ የራሴን እከፍታለሁ፤ እስከዚያው ድረስ ወደ ፊት መራመጃውን ወደ ላይኛው የቀስት ቁልፍ አዛውሬ እየተጫወትኩ ነው።