ሞተሩ እምቢ ካለ ልክ ነው

ሞተር ማውረድ ሲባል ሁሉም ሰው አይምሮ ላይ የሚመጣው ክሬን፣ ሰንሰለትና አየር ላይ የሚወዛወዝ ብረት ነው። እኔም ግቢ ውስጥ የራሴን መኪና ሞተር ላወርድ ስነሳ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር፣ ቢወድቅስ አንዳችንን ቢጨፈልቅስ እያልኩ። ማንሳቱ ግን ከጠቅላላው ስራ ትንሹ ነው። ጊዜ የሚበላው ሞተሩን ከመኪናው ጋር ያያዘውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እያደኑ ማላቀቁ ነው፣ ሽቦ በሉት ቱቦ በሉት ብሎን በሉት፣ ደግሞ ማንም በማያየው ቦታ የተደበቀች የማሳ ሽቦ (ሞተሩን ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ የምታገናኘው) አትጠፋም።

መኪናው የኋላ ጎማ የሚነዳው፣ 4 ሲሊንደር፣ ማርሹ ማንዋል ነው። ሞተሩ ብሮንዚን (ውስጡ ያለው ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ የብረት ቅርፊት) በልቶ ከታች ኳ ኳ ይላል፣ ነዳጅ ስሰጠው ድምፁም አብሮ ይፈጥናል፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሳይወርድ በደንብ አይሰራም። እንዲህ አይነቱ መኪና ላይ ሞተሩ ከፊት ወደ ኋላ ረዝሞ ስለሚቀመጥ ለጀማሪ ይመቻል፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ቦታው ላይ ትታችሁ ሞተሩን ብቻ ወደፊት ስባችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የፊት ጎማ የሚነዳው ላይ ግን ሞተርና ካምቢዮ ጎን ለጎን ታጭቀው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚወርዱት፣ አንዳንዱማ ጭራሽ ወደ ላይ አይወጣም፣ መኪናውን ከፍ አድርጎ ከስር ማስወጣት ነው። ስለዚህ የመኪናችሁን የጥገና መጽሐፍ ሳታዩ ክሬን ፍለጋ አትሂዱ።

መጀመሪያ ነዳጁ። ኢንጀክሽን መኪና ሞተሩ ጠፍቶም የነዳጅ መስመሩ ውስጥ ግፊት ይቆያል፣ ቱቦውን ዝም ብላችሁ ብትነቅሉት ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው። የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩን አስነሱትና ነዳጅ ጨርሶ በራሱ ይጥፋ፣ ከዛ በኋላ ነው ባትሪው የሚነቀለው (ባትሪውን ቀድሞ የነቀለ ሰው በምን ሊያስነሳው ነው)። ቱቦው ስትፈቱት ትንሽ ማንጠባጠቡ አይቀርም ጨርቅ ያዙ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ከአካባቢው ይራቅ። ባትሪው ላይ ደግሞ ሁሌም ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ምክንያቱም ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲውን ቢነካ ኔጌቲቩ ከተነቀለ ምንም አይሆንም፣ ካልተነቀለ ግን ብልጭታው ሌላ ነው።

የራዲያተር ውሃ የሚቀዳው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፣ የሚቀዳውም እቃ ውስጥ እንጂ መሬት ላይ አይደለም። አንቱፍሪዝ ያለበት ከሆነ ጣፋጭ ነው፣ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ኩላሊታቸውን ይጨርሰዋል። ራዲያተሩን ራሱንም አውጡት፣ ቦታው ይሰፋል፣ ሞተሩ ወደፊት ሲመጣም ፋኑ አይቧጭረውም። ኮፈኑንም እንዲሁ፣ ግን ከመፍታታችሁ በፊት ማጠፊያው ያረፈበትን ዙሪያ በማርከር አስምሩበት፣ አለዚያ ስትመልሱት ክፍተቱን ለማስተካከል ትሰቃያላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ምልክት የማድረግ ስራ ነው፣ እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ፎቶ አነሳለሁ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ አይበቃም። ፎቶ ላይ ሁሉም ጥቁር ቱቦ አንድ ነው የሚመስለው። ሶኬት ስትነቅሉ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቴፕ ለጥፋችሁ አንድ አይነት ቁጥር ጻፉ፣ በቃ። ብሎኖቹን ደግሞ ከተቻለ ወደወጡበት ቀዳዳ መልሳችሁ በእጅ አስገቧቸው፣ ካልተቻለ በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍላችሁ ላዩ ላይ ጻፉበት። ሞተርና ካምቢዮን የሚያያይዙት ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያሰረ ሰው አሉሚኒየም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሳይፈታ የሚቀርም ነገር አለ። የኤሲ ኮምፕረሰር ከሞተሩ ላይ በብሎን ይለቃል እንጂ ቱቦው አይነካም፣ ጋዙ ቆዳ ላይ ቢረጭ በቅዝቃዜ ያቃጥላል፣ አየር ላይ መልቀቁም ጥሩ አይደለም፣ እና ቺንጋውን አውጥታችሁ ኮምፕረሰሩን ከነቱቦው ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ቦዲው ላይ በሽቦ ማሰር ነው። የመሪው ፖምፓም ያው ነው፣ ዘይቱን ሳታፈሱ ጎን ላይ አንጠልጥሉት። ይቺ ነገር ግማሽ ስራ ታስቀራለች።

ዝገትን በተመለከተ የጭስ ማውጫው ዳዶዎች ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከአንድ ቀን በፊት ነፍታችሁ እደሩ፣ ከዛ ወደፊት ወደኋላ እያላችሁ ነው እንጂ በአንድ ጊዜ በጉልበት አይደለም። የካምቢዮው የላይኛዎቹ ብሎኖች ደግሞ ከላይም ከታችም ቁልፍ ማዞሪያ ቦታ የላቸውም። መላው ረጅም ማስረዘሚያ ነው፣ ሁለት ሶስቱን ቀጣጥላችሁ በካምቢዮው ጀርባ በኩል ከመኪናው ስር ትልካላችሁ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ቁልፉን ብሎኑ ላይ ይይዝላችኋል። እኔ ከስር ሆኜ ወንድሜ ከላይ "ገብቷል፣ አይ ወጣ፣ ገብቷል" ሲለኝ ነው ያለቀው። ከስር ስትገቡ መኪናው ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ እግር) ላይ ይሁን፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አይገባም፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ክሬኑ ላይ 2 ቶን ተብሎ ስለተጻፈ አትዘናጉ። ያ ክንዱ አጥሮ ሳለ ነው፣ ብዙዎቹ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲረዝም ግማሽ ቶን ነው የሚችሉት፣ ቁጥሩ ክንዱ ላይ ከየቀዳዳው ጎን ተጽፏል። ለትንሽ ሞተር ይሄም ይበቃል፣ ትልቅ የብረት ቪ8 ከሆነ ግን አስቡበት። ሰንሰለቱን ሞተሩ ላይ ባሉት የማንሻ ቀለበቶች እሰሩ፣ ከሌሉ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ባለ ወፍራም ቀዳዳ በጠንካራ ብሎን፣ ፕላስቲክና ቱቦ ላይ በጭራሽ። ካምቢዮውንም ከስሩ በክሪክና በእንጨት ደግፉት፣ ሞተሩ ሲለቀው አፍንጫውን ይደፋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሞተሩ ቦዲው ላይ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች ፈታን፣ ሰንሰለቱን ትንሽ ወጠር አደረግን፣ የካምቢዮ ብሎኖች በሙሉ ወጥተዋል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ የለም። ወንድሜ ክሬኑን አንድ ሁለቴ ጨምረን እንሞክረው አለኝ። እንቢ አልኩት። ክሬን እኮ አያስብም፣ ስትጨምሩለት መኪናውን ራሱን ነው የሚያነሳው፣ የተረሳች ብሎን ካለች ደግሞ ያሰረችውን ነገር ገንጥላ ነው የምትለቀው። የእጅ ባትሪ ይዘን እንደገና ዙሪያውን ፈተሽን፣ ብሎን የለም፣ ሽቦ የለም። ያያዙት ሁለት ፒኖች ናቸው፣ ሞተርና ካምቢዮ ሲገጥሙ መስመራቸውን እንዲጠብቁ ግራና ቀኝ የተተከሉ ባዶ የብረት ቱቦዎች፣ ዝገው ተጣብቀዋል።

ዘይት ነፋንባቸው፣ ጠብቀን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በመገጣጠሚያው መሃል አስገብተን በመዶሻ ቀስ ብለን መታን። በግራ በኩል ወረቀት የምታስገባ ክፍተት ተከፈተች፣ በቀኝ ምንም። እዚህ ጋ ነው ትእግስት የሚፈለገው፣ አንዱን ጎን ብቻ ከገፋችሁት ፒኑ ይጣመምና ጭራሽ ይነክሳል። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል እየሆነ፣ በመጨረሻ ቀኙ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ከዛ ወደ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ወደፊት ነው የሚሳበው፣ የካምቢዮው ዘንግ ፍሪሲዮን ሸራው ውስጥ ነው ያለው፣ ሳይወጣ ብታነሱት የሞተሩ ክብደት ሙሉ በሙሉ ዘንጉ ላይ ያርፋል።

አውቶማቲክ ከሆነ እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፋንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፈው) ከሞተሩ ፕሌት ጋር በብሎን ታስሯል፣ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ አንድ አንዱን ከፈታችሁ በኋላ ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ውስጥ መቅረት አለበት። ከሞተሩ ጋር ተስቦ ከመጣ የካምቢዮው ፖምፓና ሲል ችግር ላይ ናቸው።

ሞተሩ ሲነሳ የመኪናው ፊት አብሮ ከፍ ይላል፣ ስፕሪንጎቹ ክብደት ስለቀነሰላቸው ነው፣ ስለዚህ ልታልፉት ያሰባችሁት ቁመት እየጨመረ ይሄዳል። በየትንሹ አንሱ፣ ቁሙ፣ ዙሪያውን እዩ፣ አንሱ። እኛ ጋ የማሳ ሽቦዋ የተገኘችው ያኔ ነው፣ ከሞተሩ ጀርባ ወጠር ብላ። ከተንጠለጠለው ሞተር ስር እጅም እግርም አይገባም፣ የወደቀ ቁልፍ እንኳን ቢኖር ይቆይ። ከወጣ በኋላ መኪናውን ወደኋላ ገፍታችሁ ሞተሩን ወዲያው ዝቅ አድርጉት፣ ከፍ እንዳለ ግቢውን አታዙሩት፣ ክሬን በዛ ሁኔታ ለመገልበጥ ትንሽ ጠጠር ይበቃዋል።

ሞተሩን የሚሰራበት ማቆሚያ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ፍሪሲዮኑና ፍላይዊሉ (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ የብረት ዲስክ) ይውጡ፣ ማቆሚያው የሚታሰረው እነሱ ባሉበት ፊት ላይ ነውና ሞተሩ ክሬኑ ላይ እያለ ጨርሱት። የሞተር ዘይቱንም ቀድማችሁ አፍስሱ፣ ከታች ያለውን ብሮንዚን ለማየት ሞተሩን ስትገለብጡት የቀረው ሁሉ ጫማችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።