ከሴቭር ድልድይ በላይ ያለውን ሰማይ ለማስረዳት የከፈልሁት

የማታው የሥነ ጥበብ ኮርስ ሊያልቅ ሲል እያንዳንዳችን አንድ የመልክዓ ምድር ሥዕል መርጠን በቃል እንድናብራራ ታዘዝን። እኔ የመረጥሁት ኦንሪ ሩሶ (ፈላስፋው አይደለም) እ.ኤ.አ. በ1908 የሣለውን፣ በሴን ወንዝ ላይ ያለውን የሴቭር ድልድይ ነው። ሥዕሉ ሞስኮ፣ ፑሽኪን ሙዚየም ስለሚገኝ የሠራሁት ከቅጂ ነው። ቀለሙ ከኅትመት ኅትመት ስለሚለያይ በአንድ ቅጂ ብቻ አትተማመኑ። የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ቀላል ነበር፦ በፓሪስ መግቢያዎች ቀረጥ ሰብሳቢ የነበረና ራሱን በራሱ ያስተማረ ሠዓሊ ነው።

ጣጣው የመጣው ከመመዘኛው ቅጽ ነው። «ጉድለቶች» የሚል ሰፊ ዓምድ አለው፤ መምህሩም ከዚያ ጀምሩ ይላል። ርቀት አልተጠበቀም፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተሥሏል፣ ወዘተ። ይህማ ሥዕሉ ሳይታይም ይሞላል! እኔ የጀመርሁት ከሰማዩ ነው። ከወንዙ በላይ ፊኛ፣ የአየር መርከብና ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አሉ። አውሮፕላን ከፈለሰፉት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር ራይት «ለ ማን» በምትባል የፈረንሳይ ከተማ አጠገብ በርሮ ፈረንሳዮችን ያስደመመው በዚያው በ1908 ነው። ሦስቱም ሩቅ ሆነው ሳለ ከድልድዩ እኩል ጠርተው ይታያሉ። ሠዓሊው የዘመኑን ወሬ ከወንዙ በላይ ሰቅሎ «ይህን እዩልኝ» እያለ ነው አልሁ።

መምህሩ አቋረጠኝ። «እንደ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ርቀት አያውቅም፤ በቃ» አለ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የእኛ ሠዓሊ ከመምህር እግር ሥር የተማረ ነው፤ ቅዱሱን ከነሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን የሚስለው ሥርዓት ስለሆነ ነው። ሩሶ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚያወርሰው መምህር አልነበረውም፤ ያውም የሚያደንቀው እንደ ዤሮም ያሉትን የአካዳሚ (በመደበኛ የሥዕል ትምህርት ቤት ደንብ የሚሥሉ) ሠዓሊዎች ነበር። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ የሚከት ሰው አንዱንም አላየም። ይህን ልናገር ስል ሰዓትህ አልቋል ተባልሁ። ነጥቤም በ«ጉድለቶች» ዓምድ ተቆረጠ።

ዛሬም ብጠየቅ ከሰማዩ ነው የምጀምረው። ቅጹን የግድ ሙሉ ካሏችሁ መጨረሻ ላይ ሙሉት። የሕይወት ታሪኩንም አታስቀድሙ፤ አድማጭ «ቀረጥ ሰብሳቢ» ከሰማ በኋላ የሚፈልገው ስሕተት ብቻ ነው። መጀመሪያ አውሮፕላኑን በጣታችሁ አሳዩ፣ ዓመቱን ተናገሩ፤ ወደ ድልድዩና ወደ ውኃው ከዚያ በኋላ ውረዱ።