ከጋቢናው ሥር የተገኘ

ወንበር ሲፈታ የተገኘ ማንኛውም ዕቃ በአንድ ፌስታል ተጠራቅሞ መኪናውን ላመጣው ሰው ይሰጣል። የሱቃችን ሕግ ይህ ነበር። አሁን ተለውጧል። እንዴት እንደተለወጠ ጋሼ ለደንበኛ ሲተርኩ በሰማሁ ቁጥር ታሪኩ ውስጥ እኔ የለሁበትም፤ እሳቸው ግን ከሚገባቸው በላይ አሉበት። እኔም የማውቀውን ልጻፍ።

የመኪና ወንበር ልብስ ነው የምንሰፋው፣ መርካቶ። ስም አልጠራም፣ ሰሌዳ አልጠቅስም፣ የመኪናዋንም ዓይነት አልናገርም። የደንበኛ ምሥጢር መጠበቅ የሥራችን ግማሹ ነው።

የቤተሰብ መኪና ወንበር ሲነሳ ከሥሩ የማይወጣ ነገር የለም። ሳንቲም፣ ቆሎ፣ የደረቀ ብስኩት፣ የጡጦ ክዳን፣ አንድ እግር ካልሲ። የቤት ሠራተኛ ተጠርጥራ የተባረረችበት የጆሮ ጌጥ አውጥተን እናውቃለን፤ ባለቤቲቱ ጌጡን ተቀብላ እሰይ ብላ ሄደች፣ ስለ ልጅቷ ምንም አላለችም። ወንበሩ ወደ ኋላ አልሄድም አለ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል መሰለኝ ተብሎ የመጣ መኪና ሐዲዱ ውስጥ የእስክሪብቶ ክዳን ተሰንቅሮበት ይገኛል። ክዳኑን አውጥቶ ሒሳብ መጠየቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እሱን ለጋሼ እተዋለሁ።

የዚያን ቀን የመጣችው ባለ ሰባት ሰው ናት። እንደ አብዛኞቹ ባለ ሰባቶች፣ ሰባተኛውን ሰው አይታው አታውቅም። ሦስተኛው ረድፍ ከተገዛች ጀምሮ እንደታጠፈ ነው፤ ፋብሪካው ያለበሰው ላስቲክ እንኳ አልተነሳለትም። መሃለኛውን ረድፍ ሦስት ልጆች ጨርሰውታል። ባልየው ሁሉም ወንበር ቆዳ እንዲለብስ፣ ቀለሙም ቆሻሻ የማያሳይ እንዲሆን አዘዘና እዚያው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ደንበኛ አልወድም። ምክንያቱን አሁን ታያላችሁ።

የፊት ወንበር መፍታት አራት ብሎን ነው፤ ማንም ይፈታዋል። ጉዳዩ ከሥሩ ያለው ቢጫ ሶኬት ነው። ቢጫ ሽቦ መኪና ውስጥ ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ። መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይፈታል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሶኬቱ ይነቀላል። ወንበሩ ተመልሶ ሶኬቱ እስኪሰካ ድረስ ቁልፍ አይከፈትም። ይህን ለሰውየው ነግሬዋለሁ፤ ሰምቶኛልም፣ ራሱን ነቅንቋል።

ታዲያ ዝናብ መጣ። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። እኔ ውስጥ ስፌት ላይ ነኝ። ሰውየው ከመቀመጫው ተነስቶ ሮጠ፣ የባትሪውን ገመድ መልሶ አሰረ፣ ቁልፉን ከፈተ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ። እዚህ ድረስ ይሁን። ግን በዚያው ጨዋታ ሊያዳምጥ ሬዲዮውን ከፈተ። ስወጣ ባዶው መኪና ውስጥ፣ ወንበር በሌለበት፣ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ክሩስኮቱ ላይ ደግሞ ቀይዋ የኤርባግ መብራት ቦግ ብላለች፤ ቀበቶ አስሮ የተቀመጠ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ክብ ነገር።

«ይቺ መብራት ስመጣ አልነበረችም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልነበረችም። አንዴ ከበራች ደግሞ ወንበሩን ስለመለስክ ብቻ አትጠፋም፣ በኮምፒውተር ነው የምትጠፋው። ኮምፒውተር ያለው ልጅ ተጠራ፣ ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ አለ። ባልየው ለኮምፒውተሩ አልከፍልም ብሎ ከጋሼ ጋር ሲከራከር ቆየ። ጋሼ ደንበኛ ማስቀየም ስለማይወዱ የከፈልነው እኛ ነን። ይህንን ሲተርኩ ይዘሉታል።

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። የጋቢናው ወንበር ሥር የምትሳብ መሳቢያ አለች። ውስጧ የእጅ ባትሪ፣ የጫማ ብሩሽና የተጣጠፉ የቅጣት ወረቀቶች ነበሩ፤ የሰውየው መሆናቸው ያስታውቃል። መሳቢያዋን ሙሉ በሙሉ ስናወጣት ግን ከሆዷ በታች፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ተገኘ። የዕቁብ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ የሴት ስም ከነአባቷ። አልገለጥኩትም። ግን አንድ ሰው ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ከመሳቢያ በታች፣ ያውም በፕላስተር ከለጠፈው፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት መግለጥ አያስፈልግም።

ለጋሼ ለብቻቸው አሳየኋቸው። «ይሄ ይቆይ፣ እመቤቲቱ ስትመጣ በእጇ እንስጣት» አልኩ።

«መኪናውን ማነው ያመጣው?» አሉኝ።

«እሱ።»

«በቃ። ደግሞ ባልና ሚስት አንድ ናቸው» ብለው ፌስታሉ ውስጥ ጨመሩት። ያውም ከላይ።

ሰውየው የኮምፒውተሩን ልጅ ሲጠብቅ ሥራ ፈቷል። ፌስታሉን ከፈተ። ብስኩቱን ጣለ፣ ሳንቲሙን ኪሱ ከተተ፣ ደብተሩን ገለጠ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሚስቱ ቆጣቢ መሆኗን ያወቀ ሰው ፈገግታ። ቀስ እያለ ገጹን ወደ ኋላ መለሰ። ከዚያ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ወጥቶላታል!» አለ።

ሁላችንም ቀና አልን።

«ሰኔ ላይ ነው የወጣላት። ይቺን መኪና የገዛነው ሰኔ ነው።» ለማን እንደሚናገር አላውቅም፤ የስፌት መኪናዎቹ ቆመዋል። «ማሟያውን ወንድሜ ከአሜሪካ ላከልኝ ነው ያለችኝ። ወንድሟ! ለጥምቀት ሲመጣ በግ አርጄ ተቀበልኩት። ሰው ሰብስቤ፣ ተነስቼ፣ ብርጭቆ ይዤ አመሰገንኩት። ዝም ብሎ ተመሰገነ እኮ!»

ይህ ሰው በዚያች ሰዓት ከተናገረው ሁሉ እስካሁን የሚያስቀኝ ይቺ ናት። በሚስቱ አልተናደደም፣ በገንዘቡም አልተናደደም። የተናደደው ምስጋናውን ያለ ሒሳብ በወሰደው አማቹ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትን እመቤቲቱ መጣች። ብቻዋን፣ መኪናዋን ራሷ እየነዳች። አዲሱን ቆዳ አላየችውም። ጋሼ «እንኳን ደህና መጡ» ብለው ሊነሱ ሲሉ አልፋቸው ወደ እኔ መጣች።

«ደብተሬን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«የሰጠኸውስ?»

ዝም አልኩ። ዝም ስል ጋሼን አየኋቸው፤ እሳቸው የክር ጥቅል ይቆጥራሉ። እሷም ዞር ብላ አየቻቸው፤ ገባት።

«መኪናውን ላመጣው ነው የምንሰጠው፣ ሕጋችን ነው» አሉ ጋሼ ከክሩ ሳይነሱ።

«የማን ሕግ ነው? እሱ የሚቀመጠው መሪው ጋ ነው። ከመሪው ወንበር ሥር የወጣውን ስጡት፣ ሙሉውን ስጡት። ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከጋቢናው ሥር የተገኘ የጋቢናው ሰው ነው። እናንተ ወንበር ሠሪዎች ናችሁ፣ ወንበር ባለቤት እንዳለው አታውቁም?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ጋሼም አላገኙም፤ ሻይ አዘዙላት።

ሻይዋን እየጠጣች ትንሽ ቀዘቀዘች። ቤት ውስጥ የተፈጠረውን አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ነው የነገረችኝ። «በእኔ ብር ነው ብዬ ብነግረው ኩራቱ መኪናዋን አይገዛትም ነበር፤ የአማች ብር ግን አይከብድም። ምን ላድርግ፣ ሦስት ልጅ በታክሲ ሰልፍ ላሳድግ?» ከዚያ ወደ መጣችበት ገባች። ኪስ ትፈልጋለች፤ ዚፕ ያለው፣ የማይታይ፣ አዲሱ ልብስ ላይ የተሰፋ።

የጋቢናውን በር ከፍታ የወንበሩን ጎን በመዳፏ መታ አደረገችው። «እዚህ ጋ። እጄን ዝቅ ሳደርግ እንዳገኘው።»

«እዚያ አይሆንም እትዬ።»

«ባዶ አይደለም እንዴ?»

ባዶ አይደለም። የወንበሩ ጎን ላይ የተሰፋችውን ኤርባግ የምትል ትንሽ ጨርቅ አሳየኋት። ቮልቮ በ1994 እ.ኤ.አ. 850 የሚባለው ሞዴል ላይ ካስገባው ወዲህ ብዙ መኪና የጎን ኤርባጉን የሚያስቀምጠው በሩ ላይ ሳይሆን እዚያ፣ ወንበሩ መደገፊያ ውስጥ ነው። መኪናዋ ከጎን ስትመታ ስፌቱን ተርትሮ በበሩና በጎድን መሃል ይገባል፤ ዓይን እስኪጠቀስ አይጠብቅም። ስለዚህ እኛ ያንን ጎን ወይ ክፍት እንተወዋለን፣ ወይ በቀላሉ በሚበጠስ ክር እንሰፋዋለን። ከፊት ለፊታችን ያሉት ጥብቅ አድርገው በወፍራም ክር ድርብ ይሰፉታል። ያምራል። ደንበኛም ከእነሱ አይቶ መጥቶ «የእናንተ ምነው ጎኑ ተቀዷል?» ይለናል። የኛ ሥራ በደህና ቀን ከእነሱ ያነሰ ነው የሚመስለው፤ ማን የተሻለ እንደሰፋ የሚታወቅበትን ቀን ደግሞ ለማንም አልመኝም።

«እና ደብተሬ እዚያ ቢሆን?»

«ወይ ያግደዋል፣ ወይ ከነደብተሩ ጎንዎ ላይ ይመጣል።»

አሰበችበት። «ማለት በግጭቱ መሃል ደብተሩ ብቅ ሊል ነው?»

«ሊል ይችላል።»

«እሱን ታውቀዋለህ፤ እኔን ሳያነሳ ደብተሩን ነው የሚያነሳው» ብላ ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ መኪናዋን ዞርናት። መቀመጫው ስፖንጅ ሥር አይሆንም፤ ሰው መቀመጡን የሚያውቅ ስስ ነገር አለበት፣ ጠጣር ዕቃ ከገባበት ቀበቶ እሰሩ እያለ ይጮሃል። የፊት ለፊቱ ኪስ የሊብሬና የኢንሹራንስ ነው፤ ትራፊክ ባስቆመ ቁጥር ይከፈታል። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ያለው ባለ ክዳን ሳጥን የባልየው ነው፤ ቻርጀርና ማስቲካ። የፀሐይ መከላከያው ወረቀት እንጂ ደብተር አይዝም። የመሃለኛው ረድፍ የክንድ መደገፊያ የልጆች ግዛት ነው፤ እዚያ የገባ ነገር ሲወጣ የሚጣበቅ ነው። ከትርፍ ጎማው ጋር ይሁን ብትል ጎማ የፈነዳ ቀን አለ። እያንዳንዱን ስንከፍት የማን እንደሆነ ትነግረኛለች፤ በዚያች መኪና ውስጥ የሷ የሆነ አንድ ክዳን አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ቦታ አገኘን። የት እንደሆነ አልጽፍም። ኪሱን ሰፋሁ፣ ዚፑን ደበቅሁ፣ እሷም ደብተሩ ይገባ እንደሆነ ሞክራ ከፈለችኝ። ጋሼ አላዩም፤ ወይ አይተው የክር ጥቅል እየቆጠሩ ነበር።

ሕጉ የተለወጠው በዚያ ሳምንት ነው። አሁን ፌስታሉ በየወንበሩ ይለያል፤ የመሪ፣ የጋቢና፣ የኋላ። ላዩ ላይ ይጻፍበታል። የመሪው ለመሪው ሰው፣ የጋቢናው ለጋቢናው ሰው። የኋላውን እስካሁን የጠየቀን የለም። ጋሼ ይህንን ለደንበኛ ሲያስረዱ «ወንበር ባለቤት አለው» ይላሉ፣ በረጅም ዕድሜያቸው ያሰቡት አድርገው። ደንበኛው ያደንቃቸዋል።

ባልየው ቆይቶ ተመልሶ መጣ። የእግር ምንጣፍ ፈልጌ ነው አለ፤ ያውም ነባሩ ላይ የሚደረብ። ምንጣፍ በምንጣፍ አይደረብም አልኩት። ቶዮታ በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር የሸጠውን መኪና ለማስተካከል መልሶ የጠራው ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ይዞ ያስቀራል ተብሎ ነው። ነባሩን እናውጣና አዲሱን እናስገባ፣ ከሥር በሚይዘው ቁልፍም እንሰረው ብዬ ስነግረው ልቡ እዚያ አልነበረም። የጋቢናውን በር ከፍቶ አጎንብሷል። መሳቢያዋን ስቦ አወጣት፣ ከሆዷ በታች በእጁ ዳበሰ፣ ባዶ ነው።

«ከዚህ ሥር ሌላ የሠራችሁት ነገር አለ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እጁ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

«እዚያ ጋ ያለው ቢጫው ሽቦ ነው ጌታዬ።»

እጁ ቆመ። «ቢነካ መብራቷ ትበራለች?»

«ሶኬቱ ከላላ ትበራለች።»

«ኮምፒውተሩን አሁን ማን ይከፍላል?»

«ያላላው ሰው ነዋ።»

ቀስ ብሎ እጁን አወጣ፣ መሳቢያዋን መለሰ፣ በሩን ዘጋ። የነገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሽቦው እዚያ አለ፣ ሶኬቱ ቢላላ መብራቷ ትበራለች። ምንጣፉን ፊት ለፊት ካሉት ገዛ፤ እነሱ ደርበው ሸጡለት። ጋሼ ሽያጩ ስላመለጠ እስከ ማታ አኮረፉኝ።